ስለ ምግብ ናሙና አዘገጃጀት፤ ብረቱ ከድንቹ ነው ወይስ ከቢላዋው?

(በሬዲዮ የተሰማ ንግግር፤ ለጋዜጣ አንባብያን እንዲመች ሆኖ የቀረበ)



ከጅማ ከተማ ወደ ደቡብ የሚወስደውን መንገድ ይዞ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው የደዶ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከሸቂ ይደርሳል። አገሩ ደጋና ወይና ደጋ የበዛበት፣ ዝናብ የማይጓደልበት ነው፤ አፈሩም ቀይ ነው። በክረምት ጊዜ የእግረኛው ጫማ፣ የበቅሎው ኮቴና የመኪናው ጎማ ሁሉ ይህንኑ ቀይ አፈር ለብሶ ወደ ጅማ ይገባል። ከማሳው ተቆፍሮ የሚወጣው ድንችም እንደዚሁ ነው። ዛሬ ልናወጋ የተነሣንበት ጉዳይ ከዚህ ቀይ አፈር ጋር ብዙ የሚያገናኘው ነገር አለ።

የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በደዶ ድንችና ጎመን ውስጥ ምን ያህል እርሳስና ካድሚየም እንዳለ ተመርምሮ እንዲቀርብለት ጠየቀ እንበል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ውጤቱ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በወረቀቱም ላይ «እርሳስ፤ 0.3» የሚል ይነበባል። በዚህ ቁጥር መነሻነት ደብዳቤ ይጻፋል፤ ስብሰባ ይጠራል፤ ምናልባትም የደዶ ገበሬ ድንቹን ወደ ገበያ እንዳያወጣ ይከለከል ይሆናል። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያስከትለው ቁጥር ከየት የመጣ ነው?

ብዙዎቻችን «ከመሣሪያው ነዋ!» ብለን እንመልሳለን። መሣሪያው ግን ድንቹን አይቶት አያውቅም። እርሱ ያየው በትንሽ ብልቃጥ የቀረበለትን፣ ውኃ የመሰለ ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ነው። ያ የደዶ ድንች ወደዚህ ፈሳሽ እስኪለወጥ ድረስ በስንት እጅ፣ በስንት ቢላዋ፣ በስንት ዕቃና በስንት ሰው ጥንቃቄ ወይም ቸልተኝነት እንዳለፈ መሣሪያው የሚያውቀው ነገር የለም። ቁጥሩ በአብዛኛው የሚሠራው፣ የሚበላሽም ከሆነ የሚበላሸው፣ ከመሣሪያው ደጃፍ ከመድረሱ በፊት ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃሉ አንድ ነገር እናንሣ። በቋንቋችን «ብረት» የምንለው ቃል ለሁለት ነገር ያገለግላል። በአንድ በኩል መዳቡንም፣ ዚንኩንም፣ እርሳሱንም በጠቅላላ የምንጠራበት ነው፤ በሌላ በኩል ማረሻ የሚሠራበትንና ለደማችን የሚያስፈልገውን አንዱን ንጥረ ነገር ብቻ ያመለክታል። እንዳያደናግረን በዚህ ጽሑፍ ጠቅላላውን «ብረታ ብረት»፣ አንዱን ብቻ «ብረት» እንለዋለን። ከብረታ ብረት መካከል ብረት፣ ዚንክ፣ መዳብና ማንጋኒዝ በመጠኑ ለሕይወት የሚያስፈልጉ ናቸው፤ እርሳስና ካድሚየም ግን ጥቂቱም ቢሆን ለሰውነት የማይበጁ ናቸው።

አፈርና ናሙና ሲቀላቀሉ ምን ያህል ስሕተት እንደሚፈጠር ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የጤፋችን ታሪክ ይበቃል። ጤፍ በብረት የበለጸገ እህል ነው እየተባለ ሲነገር ስንሰማ ኖረናል። በልዩ ልዩ ጥናቶች በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ ተገኘ የተባለው ብረት ግን ከ10 ሚሊግራም ከማይሞላ ጀምሮ ከ150 ሚሊግራም እስከሚበልጥ ድረስ ይለያያል። አንድ ዓይነት እህል በዚህን ያህል እጥፍ ሲለያይ፣ ነገሩ የዘርና የአገር ልዩነት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላልን?

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 የስዊድን ተወላጁ ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር በኢትዮጵያ ያካሄዱትን የደም ምርመራ ጥናት ሲያሳትሙ፣ ከሥራቸው ዐበይት ነጥቦች አንዱ በምግባችን አማካይነት ወደ ሰውነት የሚገባው እጅግ ከፍ ያለ የብረት መጠን ነበረ። ከ12 ዓመት በኋላ በ1980 ደግሞ የጤፍን ብረት ለይቶ በጥብቅ የመረመረ ጥናት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ። ከዚህም የተገኘው ፍሬ ነገር፣ ጤፉ ከአፈር በሚገባ ሲነጻ በውስጡ የሚቀረው ብረት ከሌሎቹ እህሎች እምብዛም የማይርቅ መሆኑ ነው። ያ ትርፍ ብረት በአብዛኛው ከዐውድማው የመጣ ነበር!

ምክንያቱን ለመረዳት ዐውድማውን ማስታወስ ይበቃል። እህሉ በመሬት ላይ ተዘርግቶ በበሬ ይበራያል፤ በመንሽ ይገለበጣል፤ በነፋስ ይመረታል። የጤፍ ቅንጣት ደግሞ እጅግ ደቃቃ ከመሆኗ የተነሣ በአንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡ ቅንጣቶች ይገኛሉ። እያንዳንዷ የራሷ ገላ አላት፤ በገላዋም ላይ ትቢያ ይለጠፋል። አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ከመቶ 5 እጁ ብረት የሆነ ቀይ አፈር እንውሰድ። አንዲት ግራም የዚህ አፈር በአንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ ብትቀላቀል 50 ሚሊግራም ብረት ጨመረች ማለት ነው። ይህም ለእያንዳንዱ 100 ግራም ጤፍ 5 ሚሊግራም ይደርሰዋል። ጤፉ ከራሱ የሆነ 5 ሚሊግራም ብረት ቢኖረው፣ ይህቺ በዓይን የማትለይ አንድ ግራም ትቢያ መጠኑን እጥፍ አደረገችው። ሦስትና አራት ግራም ሲሆን ምን እንደሚመጣ አንባብያን ራሳችሁ ልታሰሉት ትችላላችሁ።

ይህን ስንል ጤፍን ለማጣጣል አይደለም፤ ጤፍ ያለዚህም ብዙ የሚመሰገንበት ነገር አለው። ነገር ግን ከአፈር የመጣ ብረት አብዛኛው የማይሟሟ ስለሆነ ሰውነት የሚቀበለው እጅግ ጥቂቱን ነው። በወረቀት ላይ ያለው ብረት ለእናትና ለሕፃን ደም የሚደርስ መስሎን ብንዘናጋ ጉዳቱ የእኛው ነው።

እንግዲህ ከዐውድማው ወደ ደዶው ማሳ እንመለስ። ናሙና ሰብሳቢው ከማሳው ሲደርስ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ «ምን ለማወቅ ነው የመጣሁት?» የሚለው ነው። ተክሉ በሥሩ አማካይነት ከአፈር የሳበውን ለማወቅ ከሆነ፣ በላዩ የተለጠፈው ትቢያ በሙሉ መወገድ አለበት። ሰው በምግቡ የሚያገኘውን ለማወቅ ከሆነ ግን ናሙናው መታጠብ ያለበት አንዲት ጠንቃቃ የቤት እመቤት የምታጥበውን ያህል ነው፤ ከዚያ ማነስም መብለጥም የለበትም። ድንቹ ከነልጣጩ ይለካ ወይስ ተልጦ? ሰው ልጣጩን የማይበላው ከሆነ መላጥ ተገቢ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት የኮዴክስ አሊመንታሪየስ ኮሚሽንም ለድንች የወሰነው የካድሚየም ጣሪያ የሚመለከተው የተላጠውን ድንች ነው። ልጣጩን ጨምሮ የለካና ተልጦ ከተለካው ጋር ያወዳደረ ሰው ሁለት የተለያዩ ምግቦችን ነው ያወዳደረው።

ከማሳው ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ድንች መርጦ መምጣትም ናሙና መሰብሰብ አይባልም። ማሳውን ወዲያና ወዲህ እያቋረጡ ከብዙ ሥፍራ መቆፈር ያስፈልጋል። መንገድ ዳር ያለው ተክል ለብቻው ይታያል። በቤንዚን ላይ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት እርሳስ ይጨመር ስለ ነበረ፣ በመንገድ ዳር አፈር ውስጥ የዚያ ዘመን እርሳስ ዛሬም ተቀምጦ ሊገኝ ይችላልና። ጎመን ሲሆን ደግሞ የመስኖው ውኃ ከየት እንደሚመጣ በማስታወሻ ላይ መጻፍ ይገባል። በኮረብታ ምንጭ የበቀለ የደዶ ጎመንና ጅማን አቋርጦ በሚያልፈው በአዌቱ ወንዝ ዳር የበቀለ ጎመን በገበያ ላይ መልካቸው አንድ ነው። የአዲስ አበባን ቅጠላ ቅጠል በሚመለከት ዶክተር ፍሥሓ ኢታና በ2002 ያሳተሙት ጥናት ይህን የመሰለው ጥያቄ ለከተማ ነዋሪ ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ ያሳያል።

አጠባው በቧንቧ ውኃ ይጀመርና በተጣራ ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ በማለቅለቅ ይፈጸማል። ቅጠል በውኃ ውስጥ ተነክሮ መቆየት የለበትም፤ የራሱ ማዕድን እየሟሟ ይወጣበታልና። ከቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመ የዝናም ውኃ ደግሞ ምንም ንጹሕ ቢመስል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ውኃው ዚንክ ይዞ ይወርዳል። ዱቄት የተነሰነሰበት የጎማ ጓንትም እንዲሁ ዚንክ ያጋባል። በዚንክ ድኃ የሆነው ጎመናችን በአንድ ቀን ባለጸጋ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ዓይነት ነው።

ቢላዋውም እንደዚሁ ነው። የማይዝገው ቢላዋ ክሮሚየም፣ ብዙውን ጊዜም ኒኬል አለበት፤ ስለዚህ የሚፈለገው ክሮሚየም ወይም ኒኬል ከሆነ የሸክላ ወይም የፕላስቲክ ቢላዋ ይመረጣል።

አሁን የደረስንበት ደረጃ ለእኛ ለቢሮ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገን ነው፤ እርሱም ማድረቅ ነው። የተከተፈው ድንች ከ60 እስከ 70 ዲግሪ በሚሞቅ ማድረቂያ ውስጥ ሁለት ቀን ያህል፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ይቆያል። ከመድረቁ በፊትና ከደረቀ በኋላ መመዘንና ሁለቱንም መዝግቦ መያዝ ግዴታ ነው። ድንች ከመቶ 80 እጁ ያህል ውኃ ነው። ከአንድ ኪሎ ጥሬ ድንች የሚቀረው ደረቅ ነገር ወደ 200 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ብረታ ብረቱ ግን ከውኃው ጋር አይተንም፤ በሙሉ በዚያች 200 ግራም ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በደረቁ የተሰላው ቁጥር በጥሬው ከተሰላው አምስት እጥፍ ይበልጣል።

በጠረጴዛችሁ ላይ ያለውን «እርሳስ፤ 0.3» የሚለውን ወረቀት አሁን እንደገና አንሡት። ኮዴክስ ለሥራ ሥር አትክልት የወሰነው የእርሳስ ጣሪያ በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ሲሆን፣ ይህም የሚሰላው በጥሬው ክብደት ነው። ወረቀቱን በችኮላ ያነበበ ሹም «የደዶ ድንች ከጣሪያው በሦስት እጥፍ በልጧል» ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን 0.3 የተባለው በደረቁ ክብደት ተሰልቶ ከሆነ፣ በጥሬው ሲመለስ 0.06 ብቻ ነው፤ ከጣሪያው በታች ነው ማለት ነው። የገበሬው ድንች በገበያ መዋልና አለመዋሉ «ደረቅ» ወይም «ጥሬ» በምትል አንዲት ቃል ላይ ይንጠለጠላል። እንዲህ ያለችውን ቃል ያልያዘ የምርመራ ውጤት፣ በበኩሌ፣ ማኅተም ቢኖረውም ገና ያልተጠናቀቀ ወረቀት አድርጌ ነው የማየው።

የደረቀው ይፈጫል። እዚህም ላይ ከወፍጮው የሚመጣው ነገር መታሰብ አለበት። የብረት ወፍጮ ብረትና ማንጋኒዝ ይጨምራል፤ ከመዳብና ከዚንክ ቅልቅል የተሠራ ወንፊት መዳብና ዚንክ ይሰጣል። ስለዚህ አጌት ከሚባለው ጠንካራ ድንጋይ ወይም ከሸክላ የተሠራ ሙቀጫ፣ የናይለን ወንፊትም ይመረጣል። ዱቄቱ በደንብ ይደባለቃል፤ ተቆልሎ በመስቀል ቅርጽ ለአራት ይከፈልና የፊት ለፊቶቹ ሁለት ክፍሎች ብቻ ይወሰዳሉ፤ ይህም የሚፈለገው መጠን እስኪቀር ድረስ ይደጋገማል። ምክንያቱም በመጨረሻ ከዚያ ሁሉ ማሳ ተወክላ ወደ ምርመራ የምትገባው ግማሽ ግራም ብቻ ናት።

ያቺን ግማሽ ግራም ወደ ፈሳሽ ለመለወጥ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በእቶን ውስጥ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ አቃጥሎ አመድ ማድረግና አመዱን በአሲድ ማሟሟት ነው። እቶኑ ከዚያ በላይ ከጋለ ካድሚየምና እርሳስ ከጭሱ ጋር ሊጠፉ ይችላሉ፤ ሜርኩሪማ ከዚያ አስቀድሞ ይበናል። ሁለተኛው መንገድ ዱቄቱን በናይትሪክ አሲድ ማፍላት ነው። ለዚህም አንዳንዱ ሃይድሮጅን ፔርኦክሳይድ፣ ሌላው ፔርክሎሪክ አሲድ ይጨምርበታል። ፔርክሎሪክ አሲድ ቅባት ወይም ሌላ የሚነድ ነገር ባለበት ሲግል ሊፈነዳ ስለሚችል ልምድ በሌለው ሰው እጅ የሚሰጥ አይደለም። ፈሳሹ እስኪጠራ ይፈላል፤ ከዚያም ቀዝቅዞ፣ ተጣርቶ፣ በንጹሕ ውኃ 50 ሚሊሊትር እስኪሆን ድረስ ይሞላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል በዚህ ዓይነት ሥራ የታወቀ ሲሆን፣ በ2008 ከዚያ የወጣው የቆጮና የቡላ ጥናት ለእንሰት ተመጋቢው ሕዝብ የሚጠቅም ነበር።

የምንፈልገው ነገር ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ አሁን እንመልከት። ደረቁ ድንች በኪሎ 0.3 ሚሊግራም እርሳስ ካለው፣ በግማሽ ግራሙ ውስጥ ያለው 0.15 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ማይክሮግራም ማለት የሚሊግራም ሺኛው ክፍል ነው። በሌላ ወገን፣ በኪሎ 100 ሚሊግራም እርሳስ ካለው የመንገድ ትቢያ አንዲት ሚሊግራም፣ ማለትም በጣት ጫፍ ላይ ብትቀመጥ የማትታወቅ ቅንጣት፣ 0.1 ማይክሮግራም እርሳስ ትይዛለች። መስኮት ተከፍቶ ይህቺ ትቢያ በብልቃጡ ውስጥ ብታርፍ ከድንቹ ጠቅላላ እርሳስ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ጨመረች ማለት ነው። ብልቃጡ ሁሉ አስቀድሞ ከመቶ 10 እጅ በሆነ የናይትሪክ አሲድ ውኃ ውስጥ ሲነከር የሚያድረውም ስለዚህ ነው።

ይህን በመናቅ ትልልቆቹም አገሮች ተሳስተዋል። የምድርን ዕድሜ በእርሳስ አማካይነት የለካው አሜሪካዊው ሊቅ ክሌር ፓተርሰን በሥራው ሁሉ ከየአቅጣጫው የሚገባው እርሳስ አስቸግሮት፣ በመጨረሻ እጅግ ንጹሕ የሆነ ልዩ ቤተ ሙከራ ለማቋቋም ተገደደ። በ1980 ከዶሮቲ ሴትል ጋር ባሳተመው ጥናት ቱና በሚባለው የባሕር ዓሣ ሥጋ ውስጥ ያለውን እርሳስ ሲለካ፣ ሌሎች ቀደም ብለው ዘግበውት የነበረው ቁጥር ከእውነተኛው ወደ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ሌሎቹ ዓሣውን ሳይሆን በአብዛኛው የገዛ ቤታቸውን እርሳስ ነበር የለኩት።

ለዚህ መድኃኒቱ «ባዶ ናሙና» የሚባለው ነው። ይኸውም አንድ ብልቃጥ ምንም ድንች ሳይገባበት በዚያው አሲድ፣ በዚያው ምድጃ፣ በዚያው ውኃ ሥርዓቱን ሁሉ እንዲያልፍ ይደረጋል። በመጨረሻ እርሳስ ከተገኘበት፣ ያ እርሳስ የደዶ ሳይሆን የቤተ ሙከራው ነው፤ ከውጤቱም ይቀነሳል። ከዚህም ሌላ በውስጡ ያለው መጠን በታወቀ መሥሪያ ቤት የተረጋገጠለት የቅጠል ዱቄት አብሮ ይለካል። የታወቀውን በትክክል ያልለካ ያልታወቀውን በትክክል ሊለካ አይችልምና።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። አውስትራሊያዊው አለን ዋልሽ በ1955 ያስተዋወቀው ዘዴ ፈሳሹን በነበልባል ውስጥ እየረጨ፣ እያንዳንዱ ብረታ ብረት የራሱን ብርሃን ምን ያህል እንደሚውጥ የሚለካ ነው። ለብረትና ለዚንክ ደኅና አድርጎ ያገለግላል። የእኛ የድንች እርሳስ ግን 50 ሚሊሊትር ውስጥ ሲበተን በሊትር 0.003 ሚሊግራም ብቻ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የተለመደው ባለነበልባል መሣሪያ በእርግጠኝነት ከሚያየው በታች ነው። በግራፋይት እቶን የሚሠራው ወይም ከዚያ የረቀቀው መሣሪያ ያስፈልገዋል። በነበልባል ተለካ የተባለ እንዲህ ያለ ጥቃቅን የእርሳስ ቁጥር ቢቀርብላችሁ «እንዴት ታየ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ምናልባት ከአንባብያን መካከል በሥራ ምክንያት ወደ ደዶ ወርዶ «እግረ መንገድህን ናሙና ይዘህ ና» የሚባል ሊኖር ይችላል። ድንቹን በማሳው ሳለ አትጠቡት፤ አፈሩን በእጅ ብቻ አራግፋችሁ በንጹሕ ነጭ የፕላስቲክ ከረጢት ክተቱት። የቦታውን ስም፣ ቀኑንና የመስኖውን ውኃ በእርሳስ ጽፋችሁ ወረቀቱን ከከረጢቱ ውጭ እሰሩት። (በእርሳስ ስንል አትሥጉ፤ የመጻፊያው እርሳስ ውስጡ ግራፋይት እንጂ እርሳስ አይደለም።) ጎመን ከሆነ በቀዝቃዛ ሣጥን ውስጥ አድርጋችሁ በዚያው ዕለት አድርሱ። በመንገድ ላይ ከረጢት ቢያንሳችሁ ግን ናሙናውን በጋዜጣ አትጠቅልሉት። የኅትመት ሰማያዊ ቀለም ብዙውን ጊዜ መዳብ አለበት፤ ስለዚህ አሁን በእጃችሁ ያለው ጋዜጣም ለማንበብ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም።